ፊደሉ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ
በራሳችን ገጾች ላይ የቀረበ ሂስ



ሂስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ሥራ መተቸት ይመስለናል። የዛሬው ግን በራሳችን ላይ ነው። የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ድራማ አይደለም፤ የትምህርት ፕሮጀክታችን የአማርኛ ገጾች የሚታዩበትን ፎንት ነው። «ፎንት ደግሞ ምን ይተቻል? ዋናው መነበቡ ነው» የሚል ሰው ካለ ልክ ብሏል። የእኛም ጥያቄ እሱው ነው። ተነበበ ወይስ አልተነበበም?

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው ተርም ለማታው የአማርኛ ክፍል አንድ ምንባብ ከ10 ጥያቄዎች ጋር ገጻችን ላይ አወጣንና ተማሪዎቹ ቤታቸው ሠርተው እንዲመጡ አዘዝን። ሁሉም ሠርተው መጡ። አንዲት ተማሪ ብቻ ባዶ ደብተር ይዛ መጣች። ለምን እንዳልሠራች ስንጠይቃት «ቲቸር፣ ሣጥን ብቻ ነው ያለው» አለች። ሰበብ መሰለንና ዜሮ ሰጠናት። በሚቀጥለው ሳምንትም ሳትሠራ መጣች። ያን ጊዜ «እስቲ ስልክሽን አምጪው» ብለን አየን። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። እውነትም ከላይ እስከ ታች ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። በመካከሉ የሚነበበው ከ1 እስከ 10 ያለው የጥያቄዎቹ ቁጥር ብቻ ነበር።

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ሰነፎቹ እኛ ነበርን። ዜሮውን ሰርዘን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያ በኋላ ገጾቻችንን በሙሉ በእጃችን ባሉ መሣሪያዎች ሁሉ እየከፈትን ማየት ጀመርን። በኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ፣ በአዲሱ ላፕቶፕ፣ በመምህራን ስማርት ስልኮች፣ በተማሪዎች ባለ ቁልፍ ስልኮች አየን። ያየነው አላስደሰተንም።

ጉዳዩን አቅልለን የማናልፍበት ምክንያት አለን። እዚህ ካኩማ ያሉ ትምህርት ቤቶች የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተሉ ልጆቻችን ቀን ቀን የሚማሩት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። አማርኛ የሚማሩት ማታ፣ እኛው በጻፍነው ማስታወሻ ነው። ሌላ ቦታ ገጹ አልከፈት ቢል መጽሐፉ ይገለጣል። ለእኛ ክፍል ግን ገጹ ራሱ መጽሐፉ ነው። እሱ ሣጥን ሲሆን ትምህርቱም አብሮ ሣጥን ይሆናል።

ሦስቱ በሽታዎች

ገጹ አልነበብ ሲል ሁላችንም «ተበላሸ» ብለን እንተወዋለን። ነገር ግን ብልሽቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት ዓይነት ነው። መድኃኒቱም ለየብቻ ነው።

አንደኛው ሣጥን ነው። ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ጽሑፉ በደህና ደርሷል፤ ነገር ግን መሣሪያው ላይ የእኛን ፊደል የያዘ ፎንት የለም። እንግዳው መጥቶ የሚለብሰው አጣ እንደ ማለት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ሣጥን «ቶፉ» ይሉታል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚበላ የሩቅ ምሥራቅ ምግብ ስም ነው። መሣሪያው ላይ ፎንት ሲጫን፣ ወይም ያው ገጽ ሌላ መሣሪያ ላይ ሲከፈት ሣጥኑ ይጠፋል።

ሁለተኛው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ይህ ሁለት መንስኤ ስላለው እንዳናምታታ። አንዱ፣ ገጹ በምን ኮድ እንደተጻፈ ለብራውዘሩ ሳይነገረው ሲቀር ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ ይህን ካላወቀ ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ የምዕራብ አውሮፓ ምልክቶች አድርጎ ያወጣቸዋል። «ሀ» ብለን የጻፍናት አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ፣ ቀጥሎ ቆብ የምትመስል ምልክት፣ ቀጥሎ የዩሮ ገንዘብ ምልክት ሆና ቁጭ ትላለች። አንድ ፊደል ጽፈን ሦስት ጉድ ሲወጣ ካየን በሽታው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ገጹ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር መጻፍና ፋይሉንም በዚያው ኮድ ማስቀመጥ ነው። ሌላው መንስኤ የድሮ ፎንት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። ይህ ክፉው ነው። በአማርኛ የጻፍነውን የግዕዝን ፊደል በማያውቅ ኮድ ስናስቀምጠው እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ከዚያ በኋላ ፎንት ብንጭን፣ ማሽን ብንቀይር አይመለስም፤ ጽሑፉ ሞቷል። አንድ ሙሉ የሰዋስው ማስታወሻችን በዚህ ሁኔታ ሄዷል። ፕሮግራሙ ከማስቀመጡ በፊት ፊደሎቹ እንደሚጠፉ በእንግሊዝኛ አስጠንቅቆን ነበር። እኛ ግን ሳናነብ «እሺ» የሚለውን ተጫንን።

የድሮዎቹ ፎንቶች

አሁን ወደ አሮጌው ዕዳችን እንምጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 በወጣው በ3.0 ዕትሙ ነው። ያኔ ከሥርዓተ ነጥቡና ከቁጥሩ ጋር 345 ምልክቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ላይ ባለ ኮምፒውተር ሁሉ አንድ የራሷ ቁጥር አላት።

ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ባለሙያዎች የነበራቸው ምርጫ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ግን የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ወንበሩ ከ256 አይበልጥም፣ ፊደላችን ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። ሌሎቹ እንደ ታይፕ መኪናው በእናት ፊደሉ ላይ ቅጥያ እየለጠፉ ሠሩ። ሁሉም በየራሳቸው አቀማመጥ ስለሠሩ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ ልብሱ ይወልቅና ከሥር ያለው ላቲን ይጋለጣል።

እነዚህን ባለሙያዎች አንወቅስም። እነሱ ባይኖሩ በ1990ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ከየት ይመጣልን ነበር? በ1999 መፍትሔው ሲመጣም ወዲያው እጃችን አልገባም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ያቀረበው ለሕዝብ በ2007 በተሸጠው በዊንዶውስ ቪስታ ነው። ወደ ካምፕ የሚመጣው ኮምፒውተር ደግሞ አገልግሎ ስለሆነ የሚደርሰን ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እንደ ምክንያትም ይያዝልን። ነገር ግን ዩኒኮድ የሚያነብ ማሽን እጃችን ላይ ከገባ በኋላም ጣታችን ስለለመደው ብቻ በድሮው ፎንት መጻፍ የቀጠልን አለን። ይህኛው ምክንያት የለውም።

ፎንቶቹን አንድ በአንድ

ለግምገማ አንድ የፈተና መስመር አዘጋጀን። በውስጡ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ፏ፣ ቷ ያሉትን፣ ኧን፣ ከቁጥር ፩፣ ፲፣ ፻ን፣ ከነጥብ ፣ እና ፤ እና ።ን አስገባን። የትግርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ስላሉን ቐን ጨመርን። ከዚያ አነስ አድርገን፣ አተልቀን፣ አደማምቀን አየነው።

ኒያላ፦ ጆን ሃድሰን እና ጄራልዲን ዌድ የሠሩት፣ በአገራችን ተራሮች በሚኖረው አጋዘን መሰል እንስሳ ስም የተጠራ ፎንት ነው። ብዕር የነካው መልክ አለው፣ ያምራል። ሁለት ጉድለት አገኘንበት። በአንድ ዓይነት መጠን ከሌሎቹ ጋር ሲጻፍ አንሶ ስለሚታይ ዓይነ ደካማው ይቸገራል። ደማቅ ዓይነትም የለውም። ደማቅ አድርግ ስንለው ኮምፒውተሩ ያንኑ ፊደል ያወፍረዋል፤ በአነስተኛ መጠን የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈንና እነ «ጨ»፣ እነ «ኘ» ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ሌላው ደግሞ፣ ከዊንዶውስ 10 (2015) ጀምሮ ኒያላ ካልተጨመረ በቀር ከማሽኑ ጋር አይመጣም። «ኒያላ የሌለው ዊንዶውስ የለም» ብሎ መተማመን ቀርቷል።

ኢብሪማ፦ ከዊንዶውስ 8 (2012) ጀምሮ የግዕዝ ፊደል የያዘ ነው። መልኩ ቀለል ያለ ነው፣ ጌጥ የለውም። የራሱ ደማቅ ዓይነት አለው። ለርዕስ የሚያኮራ አይደለም፤ ለረጅም ምንባብ በስክሪን ላይ ግን ዓይን አያደክምም። ሁለቱም የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆኑ በፍላሽ ገልብጠን ለሌላው ማደል አይፈቀድልንም።

አቢሲኒካ፦ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው፣ የብራና ጸሐፊዎችን እጅ የሚያስታውስ ፎንት ነው። ለወረቀት ኅትመት ከሁሉም እሱን መረጥን። የፈተና ወረቀት በእሱ ሲታተም ያምራል። በትንሽ ስክሪን ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይሳሳሉ። እሱም ደማቅ ዓይነት የለውም። ትልቁ በጎ ነገር ፈቃዱ ነው፤ በነፃ መገልበጥ፣ ማደልና ከገጽ ጋር መላክ ይቻላል።

ኖቶ፦ ጉግል ያሠራው ሲሆን ስሙም «ቶፉ ከእንግዲህ የለም» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የወጣ ነው። ሣጥኑን ለማጥፋት ታስቦ የተሠራ ማለት ነው። ሳንስ የሚባለው ያለ ጌጥ፣ ሰሪፍ የሚባለው ከነጌጡ ሆኖ ሁለቱም ለግዕዝ ፊደል አሉ። ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ደረጃ አላቸው። ፈቃዱም እንደ አቢሲኒካ ነፃ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ስላልነበራቸው ሣጥን ያሳዩ ነበር፤ አሁን ባሉት ስማርት ስልኮች የሚነበበው በአብዛኛው በዚህ ፎንት ነው። ውበቱ አያስደንቅም፣ ግን አያሳፍርም። ለገጻችን እሱን መርጠናል። በአፕል ኮምፒውተሮች ደግሞ ከፋ የሚባል ፎንት አብሮ ስለሚመጣ በዚያ በኩል ሥጋት የለብንም።

አንድ ነገር እንጨምር። ዩኒኮድ በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ እና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎችን ጨምሯል። ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት እነዚህን ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ «አማርኛው ተነበበ» ብለን አንቁም፤ በክፍላችን ያለው ልጅ ቤቱ የሚናገረውን ቋንቋም እንፈትንለት።

የሠራናቸው ስህተቶች

አንደኛ፣ ፎንት የመረጥነው በራሳችን ስክሪን አይተን ነው። አንዱ መምህር ሐረግ የመሰለ ጌጠኛ ፎንት ከኢንተርኔት አምጥቶ ላፕቶፑ ላይ ጫነ። ገጹን በእሱ ሠራነው፣ ሁላችንም ተሰብስበን አጨበጨብን። ያ ፎንት ግን ያለው በዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው የደረሰው ያጨበጨብንለት ገጽ አልነበረም። አንባቢው የሌለው ፎንት ፎንት አይደለም።

ሁለተኛ፣ አማራጭ አላስቀመጥንም። ገጽ ሲሠራ የፎንት ስም በተራ ይዘረዘራል፤ ብራውዘሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሽኑ ላይ ያለውን ይወስዳል። እኛ አንድ ስም ጽፈን ተውነው። አዲሶቹ ብራውዘሮች ስሙን ቢያጡትም ፊደሉ ያለበትን ሌላ ፎንት ራሳቸው ይፈልጋሉ፤ አሮጌዎቹ ግን ሣጥን ይደረድራሉ። አሁን ኖቶ፣ አቢሲኒካ፣ ኢብሪማ፣ ኒያላ፣ ከፋ ብለን በተራ ጽፈናል።

ሦስተኛ፣ ርዕሶችን በፎቶ ሠራን። 1000 ፊደል ያለው ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 ወደ 3 ኪሎባይት ነው። ያው ጽሑፍ ፎቶ ሲሆን በቀላሉ ከ100 ኪሎባይት ይበልጣል። ባንድል ገዝቶ ለሚከፍት ተማሪ ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። ከዚህም ሌላ ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ተፈልጎ አይገኝም፣ ተገልብጦ አይወሰድም፣ ለማየት የተሳነው ተማሪም ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም አያነብለትም።

አራተኛ፣ ፊደሉን አጋደምነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለትኩረት ዘመም ይላል። የግዕዝ ጽሕፈት ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። አባቶች በብራና ላይ ማጉላት የፈለጉትን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። በኮምፒውተር የተጋደመው ፊደል በጥበብ የተሠራ አይደለም፤ ቀጥ ያለውን ገፍቶ የጣለ ነው። በቀለም ወይም በእውነተኛ ደማቅ ፊደል ማጉላት ይሻላል።

አምስተኛ፣ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታን ጻፍን። ለዓይን ያው ይመስላል። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የቃል መለያያ እንጂ የዓረፍተ ነገር ማብቂያ አይደለም። ፎንቱ ሲቀየርም ነጥቦቹ ይራራቁና ያስቀይማሉ። አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር አለው፤ እሱን እንጠቀም። ሥርዓተ ነጥብ እያስተማርን ራሳችን ስንስት ያሳፍራል።

ታዲያ ፎንቱን ከገጹ ጋር ብንልከውስ?

ይህን የሚጠይቁ መምህራን አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይቻላል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀው ዎፍ የተባለ የፎንት ፋይል ዓይነት በ2012 ደረጃ ወጥቶለታል፤ የበለጠ የተጨመቀው ሁለተኛው ደግሞ በ2018። ነገር ግን የግዕዝ ፎንት በመቶ የሚቆጠሩ ፊደሎች ስለሚይዝ ከላቲኑ ከበድ ይላል። ኔትወርኩ በሚያቃስትበት ሰዓት ተማሪው ፎንቱ እስኪወርድ ባዶ ገጽ ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ ከተላከ አንድ ዓይነት ውፍረት ብቻ ይላክ፤ እሱ እስኪደርስም ጽሑፉ ማሽኑ ላይ ባለው ፎንት እንዲታይ ተደርጎ ይሠራ። ምንባቡ መቅደም አለበት፣ ጌጡ ኋላ ይድረስ።

ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘችው ተማሪያችን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ስልኳ ላይ ፎንት አይጫንም፣ ከገጹ ጋር የሚላከውንም አይቀበልም። ስለዚህ ከላይ የነቀፍነውን ፎቶ እዚህ ላይ መልሰን እንቀበለዋለን። ለእንደዚህ ዓይነት ስልክ ጽሑፉን በትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንልካለን፤ ዋናው ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ይቀመጣል። ያም ካልሆነ ወረቀት አለ። ከእንግዲህ የቤት ሥራ ስንሰጥ «ገጹ የማይነበብላችሁ እጅ አውጡ» ብለን ጠይቀን፣ እጅ ያወጣው ሁሉ የታተመ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ዜሮ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የቀረን ሥራ

በኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የሚሠራበት፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ጥገና መስጠት ያቆመው በ2014 ነው። ሲነሳ ያጓራል፣ ሲሞቅ ይዘጋል። «አውጥተን እንጣለው» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተወስኖበታል። ከመጣሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንወቅ። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ተጭነው የቀሩት እሱ ላይ ብቻ ነው።

ከእኛ በፊት እዚህ ያስተማሩ፣ ዛሬ በየአገሩ የተበተኑ መምህራን ትተውልን የሄዱት ማስታወሻ፣ የተማሪዎች ድርሰት፣ የፈተና ወረቀት በየፍላሽ ዲስኩ አለ። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ብዙዎቻችን ተበላሽቷል ብለን ልናጠፋው ደርሰን ነበር። አልተበላሸም። በዚያ አሮጌ ማሽን ስንከፍተው ወለል ብሎ ይነበባል። ከጥያቄ ምልክቱ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ያ የሞተ ነው፣ ይህ ግን ልብሱ የወለቀ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ዝብርቅርቅ የሆነ ፋይል ያለው ሰው አያጥፋው፣ ይዞልን ይምጣ። በመጀመሪያ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ስሙን እንመዘግባለን። ፎንቶቹንም ከማሽኑ ላይ በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። ከድሮ ኮድ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ስላሉ የሚቀየረውን እንቀይራለን። የማይቀየረውን ደግሞ ተማሪዎቻችን ከስክሪኑ እያነበቡ እንደገና ይጽፉታል፤ ለእነሱም የጽሕፈት ልምምድ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ፈቃደኛ ተገኝታለች፤ ያቺ ዜሮ የሰጠናት ልጅ ናት። ከአሮጌው ማሽን ፊት ተቀምጣ «ቲቸር፣ ይሄኛው እኮ ይነበባል!» ስትል ሰምተናል።

ማሽኑ ግን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚነሳልን ዋስትና የለም። ፍላሻችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡ። የኮምፒውተር ክፍሉ ከማታው ትምህርት በኋላ ክፍት ነው።

ቸር ይግጠመን።